ሉል፡- ከዳህላክ ጠላቂዎች እስከ እርባታ ኩሬ

ነገሩ የጀመረው ከአክስቴ አንገት ላይ ነው። እቴቴ እያልን የምንጠራቸው አክስቴ ሰበታ ከእኔ ጋር ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን ተሻግሯል። በወጣትነታቸው ባለቤታቸው የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ባልደረባ ስለነበሩ ምጽዋ ኖረዋል። ከዚያ ዘመን በእጃቸው የቀረ ንብረት ቢኖር አንድ ባለ 43 ፍሬ የሉል ሐብል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ሲታዘዝላቸው፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ገንዘብ ሲፈላለግ፣ እሳቸው ራሳቸው ሐብሉን አውልቀው «ይኸው፣ ሽጡት» አሉን።

ሽያጩ ቀላል መስሎን ነበር። ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ጊዜው እ.ኤ.አ. በ2024 አብዛኛው የፒያሳ ሰፈር ከመነሳቱ በፊት ነው። የመጀመሪያው ወርቅ ቤት በእጁ መዘን አደረገና «ፕላስቲክ ነው፤ ለልጅ ስጠው» አለኝ። ሁለተኛው «የጃፓን ነው፣ እርባታ ነው» ብሎ ለኪስ ገንዘብ የማይሞላ ዋጋ ጠራልኝ። ሦስተኛው አዛውንት ደግሞ ዓይናቸው ላይ ማጉያ መነጽር አድርገው ረዥም ጊዜ ካዩ በኋላ «ይሄ የምጽዋ ሉል ነው። ነገር ግን እዚህ አገር የሚያውቀው ገዢ የለህም» አሉኝ። ሦስት ወርቅ ቤት፣ ሦስት መልስ!

የጌጣ ጌጥ ባለሙያ አይደለሁም፤ በሙያዬ የሒሳብ ሰው ነኝ። ሆኖም በዚያ ሰሞን መልስ ፍለጋ ያገላበጥኩት ጉዳይ ከአንድ ሐብል ዋጋ አልፎ ወሰደኝ። የሉል እርባታ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የቀይ ባሕርን የሉል ንግድ እንዴት እንዳፈረሰ፣ የዛሬዎቹ አዳዲስ ዘዴዎች የዓለምን ገበያ እንዴት እየለወጡት እንዳሉና እኛ ለወሎ ኦፓላችን ከዚህ ምን እንደምንማር ለአንባቢያን ማካፈል ወደድኩ።

ለመሆኑ ሉል ምንድን ነው?

ሉል ከማዕድን የተለየ ዕንቁ ነው። ወርቅና አልማዝ ከመሬት ይቆፈራሉ፤ ሉል ግን በሕያው እንስሳ ሥጋ ውስጥ ይበቅላል። የግዕዝ ሊቃውንት ሉልን «ባሕርይ» ይሉታል። «ክብረ ነገሥት» በአዳም ውስጥ ተቀምጣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለተላለፈች ዕንቁ የሚተርከው በዚሁ ቃል ነው። በወንጌልም ያለውን ሁሉ ሸጦ አንዲት ዕንቁ የገዛው ነጋዴ የተመኘው ሉልን ነው። ልጆቻችንን ሉል፣ ሉሊት እያልን የምንሰይመውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሉል የሚሠሩት በሁለት ክዳን ዛጎል ውስጥ የሚኖሩ፣ ኦይስተርና መስል የሚባሉ የውኃ እንስሳት ናቸው። ከሥጋቸው ዳር የሚገኘው ስስ ሽፋን የዛጎላቸውን የውስጥ ገጽ የሚያንጸባርቅ ናክር በሚባል ንጣፍ ይለብጠዋል። ናክር በመሠረቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከእንቁላል ቅርፊት ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ማለት ነው። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። እጅግ ስስ የሆኑ ጠፍጣፋ ቅንጣቶች እንደ ጡብ ተደርድረው በፕሮቲን ጭቃ ተያይዘዋል። ብርሃን በእነዚህ ንጣፎች መካከል ሲመላለስ ያ የምናውቀው ለስላሳ ጸዳል ይፈጠራል።

ብዙ ጊዜ «አሸዋ ሲገባባት ሉል ትሠራለች» ሲባል እንሰማለን። ይህ እምብዛም ትክክል አይደለም። በአብዛኛው የሚሆነው ጥገኛ ተውሳክ ወይም ጉዳት ከዚያ ስስ ሽፋን ላይ ጥቂት ሕዋሳትን ገፍቶ ወደ ሥጋው ውስጥ ያስገባቸዋል። ሕዋሳቱ በሄዱበት ከረጢት ሠርተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ዛጎል መለበጥ የለመዱ ናቸውና በከረጢቱ ውስጥ ናክር እየደራረቡ ይሄዳሉ። ይህን ምስጢር የተረዳ ሰው ሉልን ማርባት ይችላል። የጃፓኖቹ ግኝትም ይኸው ነው።

ጠላቂው፣ ናኩዳውና ባንያኑ

ከዚያ በፊት ግን ሉል የሚገኘው በጠላቂ ሳንባ ብቻ ነበር። ከምጽዋ ፊት ለፊት የተበተኑት የዳህላክ ደሴቶች ከጥንት ጀምሮ በሉላቸው ይታወቃሉ። በቀይ ባሕር ሁለት ዓይነት ዛጎል ይፈለግ ነበር። «ቢልቢል» የሚሉት ትንሹ ዛጎል ለሉሉ፣ «ሰደፍ» የሚሉት ትልቁ ባለ ጥቁር ከንፈር ዛጎል ደግሞ በዋናነት ለልብስ ቁልፍ መሥሪያነት ወደ አውሮፓ ይላክ ነበር።

የንግዱ አወቃቀር በብድር ላይ የቆመ ነው። የሳምቡኩ አዛዥ (ናኩዳው) ከነጋዴ ቀብድ ይወስዳል፤ እሱም ለጠላቂዎቹ ቀብድ ይሰጣል። ብዙዎቹ ጠላቂዎች ባሪያዎች ወይም ከባርነት የወጡ ሰዎች ነበሩ። ወቅቱ ሲያልቅ ሉሉ ዕዳውን ካልሸፈነ ጠላቂው ለከርሞ ባለዕዳ ሆኖ ይቀራል። ሉሉን የሚገዙት በምጽዋ የተቀመጡ፣ ባንያን የሚባሉ የህንድ ነጋዴዎች ነበሩ። ከእነሱ እጅ ወደ ቦምቤይ፣ ከቦምቤይም ወደ ፓሪስና ለንደን ይሄዳል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባሉት ዓመታት አውሮፓና አሜሪካ ሉል ስላበዱ ምጽዋ ደራች። በድሬዳዋና በሐረር የኖረው፣ ኋላም ከአገራችን የተባረረው ፈረንሳዊው ጀብደኛ አንሪ ደ ሞንፍሬድም በቀይ ባሕር ሉል ይነግድ ነበር።

የዚያን ዘመን ዋጋ ለመገመት አንድ ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1917 የካርቲየር ጌጣ ጌጥ ቤት ኒውዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ የሚገኘውን ሕንፃውን ያገኘው በአንድ ሚሊዮን ዶላር የተገመተ ባለ ሁለት ድርብ የሉል ሐብል ለውጦ ነው። ይኸው ሐብል እ.ኤ.አ. በ1957 ለጨረታ ሲቀርብ ከ160 ሺህ ዶላር በታች ተሸጠ። ሕንፃው ግን ዛሬም ቆሞ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። በእነዚህ 40 ዓመታት መካከል ምን ተፈጠረ?

የጃፓኑ ሰው

ኮኪቺ ሚኪሞቶ የኑድል ሻጭ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ከዛጎሉ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ግማሽ ክብ ሉል ማብቀል ቻለ። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ታትሱሄይ ሚሴና ቶኪቺ ኒሺካዋ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን በየበኩላቸው ሙሉ ክብ ሉል የሚገኝበትን ዘዴ ደረሱበት። ሚኪሞቶ የንግድ ሊቅ ነበርና ነገሩን ወደ ኢንዱስትሪ ቀየረው።

ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን የቀዶ ሐኪም እጅ ይጠይቃል። ከአንድ ኦይስተር ላይ የዚያ ናክር ሠሪ ሽፋን ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። ከዛጎል ተሞርዶ የተሠራ ክብ አስኳል (ለረዥም ዘመን የተመረጠው የአሜሪካው የሚሲሲፒ ወንዝ መስል ዛጎል ነው) ከቁራጩ ጋር በሌላ ኦይስተር የመራቢያ አካል ውስጥ ይከተታል። ከዚያ በቅርጫት ተደርጎ ባሕር ላይ ይንጠለጠላል። ቁራጩ ከረጢት ሠርቶ አስኳሉን በናክር ያለብሰዋል። አኮያ በሚባለው የጃፓን ዝርያ ይህ ከአሥር ወር እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ብዙዎቹ በመሀል ይሞታሉ ወይም አስኳሉን ይተፋሉ።

የእርባታ ሉል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለንደንና ፓሪስ ሲደርስ ነጋዴው «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ጮኸ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ደረሰ። ሳይንሱ ግን አልተባበራቸውም። ናክሩ ናክር ነው፤ የሠራውም ሕያው ኦይስተር ነው። የቀረው ጉዳይ «የእርባታ» የሚለውን ቃል ግልጽ አድርጎ መሸጥ ብቻ ሆነ። ከ1929ኙ የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ጋር ተደምሮ የተፈጥሮ ሉል ዋጋ ተንኮታኮተ። የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ተራቡ፤ ነዳጅ እስኪወጣ ድረስም አላገገሙም። ምጽዋም ዕጣዋ ይኸው ሆነ። ሳምቡኮቹ ቆሙ፣ ባንያኖቹም ገንዘባቸውን ወደ ሌላ ንግድ አዞሩ።

የሚገርመው ቀይ ባሕር ዕድሉን ጨርሶ አልተነፈገም ነበር። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሲሪል ክሮስላንድ ከ1905 ጀምሮ በሱዳን ዶንጎናብ የባሕር ሰርጥ ሰደፍን ያረባ ነበር። እርባታው የዛጎል እንጂ የሉል አልነበረም፤ እሱም በ1920ዎቹ ቆመ።

አዲሶቹ ዘዴዎች

የዛሬው ለውጥ ከሚኪሞቶ ዘመን በፍጥነቱም በስፋቱም ይበልጣል። ዋና ዋናዎቹን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ የቻይና የወንዝና የኩሬ ሉል ነው። እዚህ አስኳል አያስፈልግም፤ የሽፋኑ ቁራጭ ብቻ ይከተታል። በዚህም የተነሳ ሉሉ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ናክር ነው። ከአንድ ኦይስተር አንድ ወይም ሁለት ሉል ሲገኝ፣ ከአንድ መስል ግን ከ30 በላይ ይለቀማል። ቀድሞ የሩዝ ቅርጽ ያለው ርካሽ ሉል ይወጣ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወደ ተሻለ የመስል ዝርያ ሲሸጋገሩ ግን ክቡና አንጸባራቂው መጣ። ቻይና ምርቷ በደረሰበት ጊዜ በዓመት ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ሉል ታወጣ ነበር። ሉል በካራት የሚመዘን ዕቃ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቡና በቶን ይቆጠር ጀመር ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ወዲህ በዚሁ መስል ውስጥ አስኳል በመክተት «ኤዲሰን» በሚል ስም የሚሸጡ ትላልቅ ክብ ሉሎች ተገኙ። እነዚህ በመጠንና በቀለም የውድ ባሕር ሉሎችን ይፎካከራሉ።

ሦስተኛ፣ ማፈልፈያና የዘር መረጣ ነው። ኦይስተሩን ከባሕር ለቅሞ ማሳደግ ቀርቶ በገንዳ ማፈልፈል ተለምዷል። የሉሉን ቀለም በአብዛኛው የሚወስነው ቁራጩ የተወሰደበት ኦይስተር መሆኑ ስለታወቀ ለጋሹ እንደ ወተት ላም ኮርማ ተመርጦ ይያዛል። የአኮያ ኦይስተር ሙሉ የዘር ካርታ እ.ኤ.አ. በ2012 በጃፓን ይፋ ሆኗል።

አራተኛ፣ አይቻልም ተብሎ የነበረው ተችሏል። ኮንክ ከሚባለው የካሪቢያን ቀንድ አውጣ ሉል ለማርባት ለአሥርት ዓመታት ተሞክሮ አልሆነም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የፍሎሪዳ ተመራማሪዎች እንደተሳካላቸው አስታወቁ።

ገበያውስ ምን ሆነ?

ብዛት ዋጋን ገደለ። ለምሳሌ የታሂቲ ጥቁር ሉል በ1980ዎቹ ብርቅ ነበር። አርቢው ሲበዛ የግራም ዋጋው በብዙ እጅ ወረደ። መንግሥት ስሙን ለማዳን የናክሩ ውፍረት ከ0.8 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሉል እንዳይወጣ ከለከለ። በቻይናም ኩሬዎቹ በፍግና በማዳበሪያ ስለሚበከሉ በርካታ የአካባቢ አስተዳደሮች እርባታውን ገደቡ ወይም ዘጉ። በጃፓን በ1996 ብዙ አኮያ በበሽታ አልቋል፤ በ2019ም ጫጩቶቹ በገፍ ሞቱ። የሚረባው ሕያው ፍጡር ነውና ውኃው ሲታመም ሉሉም ይታመማል።

በሌላ በኩል እውነተኛው የተፈጥሮ ሉል ከሞት ተነሳ። የእርባታው ሲረክስ የድሮው ብርቅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት አንድ የአንገት ሉል ጄኔቫ ላይ ከ36 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ባህሬንም የእርባታ ሉል በአገሯ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላ በተፈጥሮው ስሟን ትጠብቃለች።

ተመሳሳይ ነገር በአልማዝ ሲደገም እያየን ነው። ታላቁ የአልማዝ ኩባንያ ደ ቢርስ በ2018 በቤተ ሙከራ የተሠራ አልማዝ በካራት 800 ዶላር መሸጥ ጀመረ። የዓለም ዋጋ ይበልጥ ሲወርድ በ2025 ያንኑ የንግድ ምልክት እንደሚዘጋ አስታወቀ።

እንዴት ይለያል?

የፒያሳው የመጀመሪያ ወርቅ ቤት በጥርሱ ቢሞክረው ኖሮ አይሳሳትም ነበር። ሉል በጥርስ ሲፈገፈግ ትንሽ ይሻክራል፤ ፕላስቲክና መስታወት ይንሸራተታል። ይሁንና ይህ ሙከራ የእርባታውን ከተፈጥሮው አይለይም፤ የሁለቱም ቆዳ ናክር ነውና። ክሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በማጉያ መነጽር ማየት ይረዳል፤ አስኳሉ ከናክሩ የሚለይበት መስመር አንዳንዴ ይታያል።

ቁርጥ ያለው መልስ የሚገኘው ከራጅ ነው። አዎ፣ ሐኪም ቤት አጥንት የምንነሳበት ራጅ ማለቴ ነው። የተፈጥሮ ሉል እንደ ሽንኩርት እስከ መሀሉ ድረስ ድርብርብ ቀለበት ያሳያል። የእርባታው ባለ አስኳል ከሆነ የክቡ ዳር፣ አስኳል ከሌለው ደግሞ መሀሉ ላይ ክፍተት ይታያል። ለአሻሚዎቹ ባለሦስት ገጽታ ስካን አለ። ከ2013 ወዲህም ከሉል ላይ የዘረመል ናሙና ወስዶ ከየትኛው የኦይስተር ዝርያ እንደመጣ ማወቅ ተችሏል።

ሉል ያላችሁ አንባቢያን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ሽቶና ላብ ይጎዱታል። ሽቶ ተቀብቶ ካበቁ በኋላ ማድረግ፣ ሲያወልቁም በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው።

በእኛ ኩሬስ?

ሰበታ የሚኖር ሰው ይህን ጥያቄ ሳያነሳ አያልፍም። ዛሬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ለብዙዎቻችን ግን አሁንም መናገሻ ነው። በዚህችው ከተማ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ የቆሮሶ ጫጩት እያራባ ለኩሬ አርቢዎች ያከፋፍላል። ህንድም ቡባነሽዋር በሚገኘው የዓሣ ምርምር ተቋሟ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአገር በቀል መስል የኩሬ ሉል አርብታ ለገበሬዎች ሥልጠና ስትሰጥ ቆይታለች። ዓሣና መስል አብረው ይኖራሉ። እንዲያውም የብዙዎቹ የወንዝ መስሎች ጫጩት ዓሣ ጉንፍ ላይ ተጣብቆ ካላደገ ለአቅመ መስል አይደርስም።

ነገር ግን በጉጉት እንዳንወሰድ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ወፍራምና ጥሩ ናክር ያለው አገር በቀል መስል መለየት ነው። ከቻይና ዝርያ አምጥቶ መልቀቅ አደገኛ ነው፤ እምቦጭ ጣናን እንዴት እንዳደረገው አይተናል። ሰበታ ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃዋ ይቀዘቅዛል፤ እድገቱም ይዘገያል። ስምጥ ሸለቆ ወይም ባሮ አካባቢ ይሻል ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መስል ውኃ እያጣራ የሚበላ እንስሳ ነው። በከተማችን የሚያልፉት ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ እየተሸከሙ ወደ አዋሽ በሚወርዱበት ሁኔታ ሉል ማሰብ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ውኃውን ማጽዳት ይቅደም። የጸዳ ውኃ ሉል ባይሰጠን እንኳ ዓሣ ይሰጠናል።

ለኦፓላችን ትምህርቱ

የሉል ታሪክ ይበልጥ የሚነካን በኦፓል በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ መዘዞ፣ በ2008 ደግሞ በወሎ ደላንታ ወገልጤና ኦፓል ተገኘ። የወገልጤናው ኢትዮጵያን በዓለም የዕንቁ ገበያ ስሟ እንዲጠራ አድርጓል። ይሁንና ድንጋዩ ውኃ ይመጣል። ውኃ ሲመጥ ክብደቱ ይጨምራል፤ ቀለሙም ለጊዜው ይሰወራል። ውኃ የመጠጠ ሁሉ ቀለምም ጭስም ይመጣል። በዚህ የተነሳ በውጭ አገር አጭሰውና ቀልመው እንደ ጥቁር ኦፓል የሚሸጡት ብዙ ነው። በተጨማሪም ፈረንሳዊው ፒየር ዢልሶን ከ1974 ጀምሮ በቤተ ሙከራ ኦፓል ሠርቶ ለገበያ አቅርቧል። ተፈጥሯዊው ኦፓል የተሠራባቸውን ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች መደርደር ሰው ተምሯል ማለት ነው።

እንግዲህ ምጽዋን የጎዳት የጃፓን ሉል ብቻ አልነበረም። ምጽዋ ጥሬውን ከመሸጥ በቀር የራሷ መመርመሪያ፣ የራሷ ደረጃና የራሷ ስም አልነበራትም። ስሙና ትርፉ ቦምቤይና ፓሪስ ቀረ። ባህሬን ዛሬ የምትኖረው በመመርመሪያዋና በሕጓ ነው። ደላንታ ገደል ውስጥ ነፍሱን ሸጦ የሚቆፍረው ወጣት ያወጣውን ድንጋይ «ተፈጥሯዊ፣ ያልታከመ፣ የወገልጤና» ብሎ የሚመሰክርለት፣ ገዢውም የሚያምነው ቤተ ሙከራ ካላገኘ፣ ዕጣው ከዳህላኩ ጠላቂ አይለይም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ጊዜው አሁን ነው።

የሐብሉ ነገር

ወደ እቴቴ ሐብል ልመለስ። ዱባይ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ ይዞት ሄዶ በአንድ ቤተ ሙከራ ራጅ አስነሳው። ውጤቱ ሦስቱንም ወርቅ ቤቶች በየፊናቸው ያስተዛዝባል። ከ43ቱ ውስጥ 38ቱ የጃፓን እርባታ ናቸው፤ አምስቱ የተፈጥሮ ሉል ናቸው። ፕላስቲክ የሚባል የለም። ባለቤታቸው በገዙበት ዘመን የምጽዋ ነጋዴ ጥቂቱን የአገሩን ከብዙው የጃፓን ጋር ቀላቅሎ ሰክቶ ነበር ማለት ነው። ንግዱ እንዴት እንደሞተ በአንድ ክር ላይ ተጽፎ አነበብኩት።

ዜናውን ስነግራቸው ያዝናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እቴቴ ግን ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያው አምስቱን ለይታችሁ ሽጡ፤ ሠላሳ ስምንቱ ለእኔ አንገት ይበቁኛል» አሉ። አምስቱን የገዛው ዱባይ ያለ የህንድ ነጋዴ ነው። ዋጋው ከተመኘነው በታች፣ ፒያሳ ከተጠራልን ግን እጅግ በላይ ነበር። ቀሪውን ዘመድ አዝማድ ሞላው፤ ቀዶ ጥገናውም ተሳካ።

ሠላሳ ስምንቱን ሉል እኔው ራሴ አዲስ ክር ላይ ሰካኋቸው። እቴቴ ዛሬ በምርኩዝ ይራመዳሉ፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያደርጉታል። «የጃፓን ነው» ስላቸው «ኦይስተሯ ጃፓን መሆኗን ታውቃለች?» ይሉኛል።

ሰላም ሰንብቱ!